ከአዛዥ ማሩ ስንቆጠር

«ዘር ሳትተካ አረፈች ይላል! ማንበብ ቢያቅትህ ልጅህ ታንብብልህ! አንተ ከየትኛው ማኅፀን ወጥተህ ነው የማሩ ልጅ ነኝ የምትለኝ?»

ጋሼ ሽፈራው ይህን ሲል መጽሐፉን ገልጦ በአባቴ አፍንጫ ሥር ደቅኖት ነበር። ጠቡ ከተጀመረ ቆይቷል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱም በላብ ተጠምቀው፣ የጎሚስታችን ደጃፍ በሰው ተሞልቶ ደረስኩ። በመርሳ የሚያልፈው መኪና ጎማው የሚጠገነው እኛ ዘንድ ነበር። ያን ቀን አንድ የጭነት መኪና በክሪክ እንደተንጠለጠለ ሾፌሩም ረዳቱም ጥገናውን ረስተው የሚሆነውን ያያሉ።

«ንግሥት፣ ነይማ» አለኝ ጋሼ ሽፈራው። «አራተኛ ክፍል ገብተሽ የለ? ለአባትሽ አንብቢለት።»

ጣቱን ያሳረፈበትን መስመር አነበብኩ። ማንበብ ደስ ስለሚለኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ መምህራችን እንዳስተማሩን አራት ነጥቡ ላይ ቆም እያልኩ ነበር። «አዛዥ ማሩ አዳነንና ብርሃኔን ወለዱ። ወይዘሮ ብርሃኔ ዘር ሳትተካ አረፈች።»

«ጎበዝ!» አለ ሾፌሩ፤ ሰው ሳቀ።

አባቴ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ የጎማ መፈልቀቂያውን ብረት አነሣ። ጋሼ ሽፈራው አፉን ከፍቶ ገና እየሳቀ ነበር። ብረቱ እዚያው አፉ ላይ አረፈ። ድምፁ ገል ሲረገጥ የሚሰማውን ይመስል ነበር። ሁለት ጥርሶቹ የተበሳ የጎማ ከመነዳሪ ወደምንፈትሽበት የውሃ ገንዳ ወደቁ፤ ከአፉ የሚወርደው ደምም ውሃው ላይ አረፋ ሠራ። እናቴ ሙሉወርቅ ከጓዳ ወጥታ አባቴን ከወገቡ ይዛ ወደ ኋላ ስትጎትተው፣ እኔ ትዝ ያለኝ መጽሐፉ ብቻ ነበር። ደም እንዳይነካው ከመሬት አንሥቼ በቀሚሴ ጠረግሁት።

አባባ የመታው ሳልሳሳት ስላነበብኩ ተናድዶ ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛ እንደዚያ አጥርቼ እንዳላነብ ለራሴ ቃል ገባሁ።

የጠቡ ምክንያት ርስት ነበር። ከግራና ወደ መርሳ በሚያመጣው መንገድ ዳር ያለው ለም መሬት የአዛዥ ማሩ ርስት ይባላል። ከማሩ መቆጠር የቻለ፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ፣ ድርሻ አለው፤ መቆጠር ያልቻለ ደጁን አልፎ ይሄዳል። መሬቱን የያዘው ከአዳነ የሚቆጠረው ጋሼ ሽፈራው ሲሆን፣ የሚያርሱለት የግራናው ሙሐመድዘይንና ሚስቱ ቶይባ ነበሩ። አባቴ ፈንታው ደግሞ ከሴቷ ልጅ፣ ከብርሃኔ እቆጠራለሁ ይል ነበር። አባቱ ሲሞት «አጥንቴ የማሩ ነው፣ እንዳታስቀረኝ» ብሎት ነው የሞተው። ከዚያ ወዲያ አባቴ ጎማ እየነፋም፣ ምሳ እየበላም ስለዚያ መሬት ያወራል። ክፉው ነገር፣ ያ የትውልድ መጽሐፍ አዲስ አበባ ታትሞ መምጣቱ ነው። በኅትመት የወጣ ነገር ሐሰት ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠረጥር በዚያን ዘመን በእኛ አገር አልነበረም።

ከጥርሱ ነገር አንድ ሳምንት ቆይቶ አባባ ደብተሬንና የቀለም ብዕሬን አስይዞ ሼህ ሲራጅ ቤት ወሰደኝ። ሼህ ሲራጅ ከግራና በላይ የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ቤተሰቡ የአካባቢውን ኒካህ ሲያስር ኖሯል። ማን ማንን እንዳገባ፣ እነማን ምስክር እንደነበሩ በዐረብኛ የተጻፈበት መዝገብ በፍየል ቆዳ ተጠቅልሎ ራስጌያቸው ይቀመጣል።

«ሼህ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለ አባቴ ጉልበታቸውን ስሞ። «አንድ ወረቀት እንዲያዩልኝ ነበር። የማሩ ልጅ ብርሃኔ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተቀመጥ። የሰው ጥርስ አራግፈህ ነው አሉ የመጣኸው?»

«አናድዶኝ ነው፣ ሼህ።»

«ወላሂ ጥርስማ አይመሰክርም። ወረቀት ይሻላል።»

መዝገቡን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ረጅም ጊዜ ገለጡ። ከዚያ በዐረብኛ እያነበቡ በአማርኛ ይነግሩኝ፣ እኔም እጽፍ ጀመር። ብርሃኔ የማሩ ልጅ፣ ስሟ ዘሀራ ተብላ፣ ለግራናው ለረዲ ኒካህ ታስሮላታል።

«መጽሐፉ ግን ዘር ሳትተካ አረፈች ይላል» አለ አባቴ።

«እነሱ ዘንድ ያረፈችው የሰለመች ዕለት ነው፣ ልጄ። እኛ ዘንድ ግን አላህ ይዘንላት ሁለት ሴት ልጅ ድራለች። ሁለቱም ጥምቀት በአዋጅ በሆነበት ዘመን ክርስቲያን አገቡ። አንደኛዋ ሰዓዳ ናት፣ ለመርሳ ሰው የተሰጠች።»

«ሰዓዳ! የአያቴ እናት!» አባቴ ግንባሩን ከሼኹ ጉልበት ላይ አድርጎ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ሁለተኛይቱ ዘይነባ፤ ለውርጌሳ ሰው የተሰጠች» አሉ ሼኹ። እኔም ጻፍኩ።

የአባቴ እጅ እጄ ላይ ወረደ። አጥብቆ ስለጨመቀኝ የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱ ላይ ተሰበረና ቀለሙ ፈሰሰ። ገጹን ከደብተሬ ገንጥሎ አኝኮ እንደሚተፋው ነገር በመዳፉ ጨማደደው።

«ሰዓዳ ትበቃኛለች» አለ። «ስለ እሷ ብቻ ይመስክሩልኝ፣ ሼህ።»

ሼህ ሲራጅ መዝገቡን መልሰው በፍየል ቆዳው ጠቀለሉ። «የተጠየቅሁትን እመሰክራለሁ፤ ያልተጠየቅሁትን ምላሴ አያነሣውም። አልዋሽም ግን። አንተ የቀደድኸው የልጅቱን ነው፤ የእኔው እዚሁ አለ።»

በመመለሻችን ጣቶቼ አብጠው ነበር። ቀለም ስላንጠባጠብኩ ነው የቀደደው ብዬ፣ እስከ ቤት ድረስ ይቅርታ እለምነው ነበር። አባባ ፊት ፊቴ ይራመድ ነበር።

ቤት እንደገባን እናቴ ፀጉሬን ልትሠራኝ በጉልበቷ መሃል አስቀመጠችኝ። እማዬ ሹሩባ ስትሠራኝ የእናቶቿን ቆጠራ ታስጠናኝ ነበር። ሙሉወርቅ ከተዋበች፣ ተዋበች ከየሺመቤት፣ የሺመቤት ከዘይነባ። የመጨረሻዋን፣ የውርጌሳዋን፣ በሹክሹክታ ነበር የምንላት፤ አባባም ያውቃታል። «ይቺን ደጅ አትጥሪያት» ትለኛለች። «ደጅ ወለተ ሥላሴ ናት።»

«እማዬ፣ ዘይነባ ሼህ ሲራጅ ጋ አለች!» አልኳት። «ከሰዓዳ ጋር እኅትማማቾች ናቸው፤ እናታቸው ዘሀራ፣ አባቷ ማሩ!»

ማበጠሪያው ፀጉሬ ውስጥ ቆመ።

«አባትሽ ሰምቷል?»

«ሰምቷል። ቀለም ስላንጠባጠብኩ ግን ቀደደው።»

ሹሩባውን ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ድረስ አጠበቀችው። ስትጨርስ ጆሮዬን ይዛ፣ «ይህን ለሰው ብትናገሪ ቤታችን ይፈርሳል» አለችኝ። እኔ እንደ ልጅ፣ ቤት ሲፈርስ የሚታየኝ ግድግዳው ነበር። ማታ ማታ ምሰሶውን እየነካሁ እተኛ ነበር።

ዛሬ በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሆኜ፣ ወልድያ መዝገብ ቤት የሰው ፋይል ሳገላብጥ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ የዚያን ሰሞን ዝምታ ይገባኛል። እማዬ እሱ ራሱ እንዲነግራት ትጠብቅ ነበር። አሥር ቀን ጠበቀች። ሲጋቡ ሽማግሌ ሁለቱን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ «ዝምድና የለም» ብሏል። የቆጠረው ግን በክርስትና ስም ነው። ወለተ ሥላሴ ላይ ሲደርስ፣ የአባቷን ስም መጥራት ነውር መስሎት ዘለለው። ሰዓዳንም እንዲሁ ዘለላት። የሁለቱ ወገን ሽማግሎች ስላፈሩ፣ የሁለት እኅትማማች የልጅ ልጅ ልጆች ተጋቡ። እኔም ተወለድኩ።

በእነዚያ አሥር ቀናት ጋሼ ሽፈራውም ዝም አላለም። ሙሐመድዘይን አባቴ ጋ ሲያወራ ታየ ተብሎ የሚያርስበት በሬ ቋንጃው ተቆርጦ አደረ። ሰውየው በሬውን በገዛ እጁ አርዶ፣ ሥጋውን ለጎረቤት አካፍሎ፣ ቢላዋውን ሳያጥብ ጎሚስታችን መጣ። «ፈንታው፣ የእናንተ አያት ማንንም ይውለድ፤ እኔ በምን ልረስ?» አለ። አባቴ፣ መሬቱን ሲያገኝ ሁለት በሬ እንደሚገዛለት ማለለት። ሙሐመድዘይንም ያን ጊዜ ከእኛ ወገን ሆነ።

ጉባኤው የተቀመጠው ግራና ገበያ ዳር ከዋርካው ሥር ነው። ዋናው ሽማግሌ አቶ አያሌው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ጺማቸውን በሁለት ጣት የሚያሹ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። ደብተሬን ይዤ ከአባቴ እግር ሥር ተቀመጥኩ። ጋሼ ሽፈራው መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ቀረበ። ከንፈሩ ወደ ውስጥ ስለገባ አሮጊት መስሎ ነበር። አዘንኩለት ማለት አልችልም።

ሼህ ሲራጅ የተጠየቁትን መሰከሩ። ማሩ፣ ዘሀራ፣ ሰዓዳ። አቶ አያሌው መጽሐፉን አስነበቡ፤ መዝገቡንም ዐረብኛ በሚያውቅ ሌላ ሰው አስነበቡ።

«መጽሐፉን የጻፈው አላያትም፤ መዝገቡን የጻፈው ድሯታል» አሉ በመጨረሻ። «ፈንታው ከማሩ ነው። ስንት ድርሻ እንደሚደርሰው እንይ።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩን የሠራሁት። ድርሻ በቆጠራ ከሆነ፣ አባባ ከሰዓዳ አንድ ካገኘ፣ እማዬም ከዘይነባ አንድ አላት። እኛ ሁለት ይገባናል። አባባ ይህን የረሳው መሰለኝ። እጄን አወጣሁ፤ ማንም አላየኝም። ተነሣሁ።

«እናቴም ከማሩ ናት! የአያቷ እናት ዘይነባ ናት፣ የሰዓዳ እኅት! ሁለት ድርሻ አለን!»

አቶ አያሌው ወደ ሼህ ሲራጅ ዞሩ።

«ሼህ፣ እውነት ነው?»

ሼኹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አሁን ተጠየቅሁ። ያ ረቢ። እውነት ነው።»

አቶ አያሌው ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ዘሀራ። ሰዓዳና ዘይነባ አንድ። ልጆቻቸው ሁለት። የልጅ ልጆቻቸው ሦስት። ፈንታውና ሙሉወርቅ አራት።» አውራ ጣታቸው ሳትታጠፍ ቀረች። «ሰባት አልሞላም።»

ጋሼ ሽፈራው በዚያ በጎደለ አፉ ሳቀ። «እንግዲህ ይምረጣ! ማሩ አያቱ ከሆነ የሚተኛው ከእኅቱ ጋር ነው! ማሩ አያቱ ካልሆነ መሬቴን ይተወኝ! ምን ትላለህ የእኅትህ ባል?»

አባቴ ካራውን ከወገቡ ሲያወጣ አላየሁም። ያየሁት የጋሼ ሽፈራው ክንድ ከክርኑ እስከ እጅ አንጓው ሲሰነጠቅና ነጭ ነገር ውስጡ ብልጭ ሲል ነው። ከዚያ የአንዱ ዱላ የአባቴን ግንባር አገኘው። ወደቀ። የተቀመጡት ሁሉ ተነሡ፤ ዱላ ከዱላ ይጋጫል፤ እኔን ማን እንደረገጠኝ ዛሬም አላውቅም። ሙሐመድዘይን በብብቴ አንሥቶ ከዋርካው ጀርባ ወሰደኝ። በሁለት ድርሻ ደስ ብሏቸው የተጣሉ መስሎኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል?

ሲበርድ አቶ አያሌው ደም በረጨበት ነጠላቸው እንደተቀመጡ ፈረዱ። «ፈንታው፣ ነገሩ ሁለት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመህ ከማሩ ዘር ነኝ ብለህ ከማልህ፣ የመሬት መለኪያ ገመድ ይጣልልሃል። ሚስትህ ግን ዘመድህ ትሆናለች፤ ካህናት ከአንድ ጣራ ሥር አያኖሯችሁም። ካልማልህ መሬቱ የሽፈራው ነው። ቤትህ እንደነበረ ይቀጥላል። ሕፃን የተናገረችውንም እኛ አልሰማንም።»

ቤት ስንደርስ አባባ የተቆረጠ ከመነዳሪ አነሣ። በሩን ዘጋና ይመታኝ ጀመር። ጎማ ሲመታ አይጮኽም፤ ሥጋን ይዞ ነው የሚለቀው። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ እማዬ መሃላችን ገባች፤ ቀጣዩ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ።

«እሷን ተዋት» አለች። «አሥር ቀን አፍህን የዘጋኸው አንተ ነህ።»

«አንቺስ? ታውቂ የለ?»

«አንተ ስትደብቀው እኔ ማን ሆኜ ላውጣው? ቀድደህ ስትጥለው ለእኔ ብለህ መስሎኝ ነበር፣ ፈንታው። አሁን ንገረኝ። እሑድ ትምላለህ?»

አባቴ ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ በሚመስለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ግንባሩ ላይ የታሰረው ጨርቅ ጠቁሯል። «የአባቴ አጥንት ነው፣ ሙሉ። መጽሐፍ አውጥቶኝ፣ መዝገብ መልሶኝ፣ አሁን እኔው ልካደው?»

«እኔስ?»

«የንስሐ አባት አሉ። ንስሐ ይሰጡናል። እስከዚያ ጓዳ ትተኛለሽ፤ ምግቡንም ልጅቱንም እንደያዝሽ። ማን ያያል?»

«ገረድ ልሁንልህ?»

በቡጢ መታት። ከዚያ በፊት ሲመታት አይቼ አላውቅም። ከንፈሯ ተተረተረ። እሷ አላለቀሰችም፤ ደሙን በመዳፏ ተቀብላ ወደ ምድጃው አመድ አራገፈችው። እኔ በጥፋቴ እንደመታት ገብቶኝ፣ ጥፋቴ ግን ምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ከአልጋው ሥር ገባሁ።

እሑድ አባቴ ማለ። «ከማሩ ዘር ሳልሆን ነኝ ብዬ እንደሆን ዘሬ አይብቀል» አለ ወንጌሉን ይዞ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ኮራሁበት። እማዬ ከሴቶች ወገን ቆማ ነበር፤ ዞሬ ሳያት ቦታዋ ባዶ ሆኗል። ቤት ስመለስ የሽሮ አተር እየለቀመች አገኘኋት። እስከ ማክሰኞ ድረስ በርበሬ አስፈጨች፣ ሽሮ አዘጋጀች፣ የእኔን ልብስ ሁሉ አጥባ አጣጠፈች። ድርሻው ሲደርሰን ለምንደግሰው ድግስ መሰለኝ።

ማክሰኞ ገመድ ተጣለ። ሽማግሎች፣ አንድ ፖሊስ፣ ግማሽ መርሳ መጥቶ ነበር። የገመዱን አንዱን ጫፍ አባቴ፣ ሌላውን ሙሐመድዘይን ይዘው ከማሽላው ዳር እየተራመዱ ይለካሉ። ልጆች ጮክ ብለን እንቆጥራለን። አምስት ካልን በኋላ ተኩሱ መጣ።

ጋሼ ሽፈራው በአንድ እጁ ነበር የተኮሰው፤ ሌላው በጨርቅ ታስሮ አንገቱ ላይ ተሰቅሏል። ምንሽሩን የማሽላ አገዳ ላይ አስደግፎ አባቴን አነጣጠረ፤ ሙሐመድዘይንን ሆዱ ላይ አገኘው። ሙሐመድዘይን አልወደቀም፤ ቁጭ አለ። ገመዱን በአንድ እጁ ሆዱን በሌላው ይዞ ወደ ቶይባ ተመለከተ።

«አትልቀቅ!» ብሎ ጮኸ አባቴ። «ገመዱን አትልቀቅ! ልኩ ይጠፋል!»

ይህን ቃል ለብዙ ዓመት፣ አባባ ሰውየው እንዲበረታ ያለው አድርጌ አስታውሰው ነበር። አሁን ግን አላሳምረውም። ያን መሬት አባቴ ሁለት ዓመት አረሰው፤ ከዚያ ድርቁ መጣ፤ ከድርቁ ኋላ አዋጁ መጣና መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ከማሩ መቆጠርም ከገመዱ ጋር አብሮ ቀረ።

ሙሐመድዘይንን በአልጋ ተሸክመው መርሳ አስፋልቱ ላይ አወጡት። ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወርደው አውቶቡስ እኛው ጎሚስታ ፊት ቆመ። ከኋላ የሚበቃ ቦታ ለማግኘት የጤፍ ኩንታል አወረዱ። ቶይባ ደረቷን እየደቃች፣ «ያ ረሱለላህ! ያ ረሱለላህ!» እያለች ስትገባ፣ እማዬም ከኋላዋ ገባች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ በብብቷ ትንሽ ጥቅል ይዛ ነበር። ቶይባን ልትደግፋት ነው አልኩ። ማታ ትመለሳለች ብዬ ሽንኩርት ልጬ ጠበቅኋት።

ካደግሁ በኋላ ቶይባ እንደነገረችኝ፣ እናቴ እስከ ውርጌሳ ድረስ የሙሐመድዘይንን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። የእናቶቿ አገር ውርጌሳ ሲደርሱ ሙሐመድዘይን አረፈ፤ ዓይኑን ጨፍናለት፣ ራሱን ለቶይባ አስረክባ ወረደች። እኛ ቤት ሁለተኛ አልገባችም።

በዚያች ሰዓት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ሁሉ አልጋውን ተከትሎ ጎሚስታችን ፊት መጥቷል፤ ገመዱ በአባቴ ትከሻ ላይ ተጠምጥሟል፤ አንዱ ጫፉ ቀይ ነው። ፖሊሱ ጋሼ ሽፈራውን አስሮ ሲያንበረክክ አንዱ ጀርባውን በእርግጫ ይላል፤ ሌላው «የት ላይ ነው ያቆምነው?» እያለ ይጠይቃል።

«አምስት ጨርሰን ስድስተኛው ላይ ነበርን» አለ አባቴ።

«የለም፣ አምስተኛው ላይ ነው» አሉ አቶ አያሌው።

«ልጆቹ ይቆጥሩ ነበር፤ ልጆቹ ይናገሩ! ንግሥት፣ ስንት ብላችሁ ነበር?»

ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን ሁለቴ መታ፤ አውቶቡሱ ጥቁር ጭስ ለቆ ወደ ውርጌሳ ተንቀሳቀሰ። እኔ ወደ ሰዎቹ ዞሬ፣ «አምስት ብለናል» አልኩ።